የአንዲት ምት እንጀራ

ስለ ካፋ የሚጻፍ ሁሉ በቡና መጀመር አለበት የሚል ያልተጻፈ ሕግ ያለ ይመስላል። ፍየሎቹ ይጨፍራሉ፣ እረኛው ይደነቃል፣ ከዚያም የአገሩ ስም ባሕር ተሻግሮ ዓለም ጧት ጧት የሚጠራው ይሆናል። የቦንጋ ልጅ ነኝና ይህን ታሪክ አልጠላውም። የዛሬው ወጌ ግን ስለ ኳስ ነው፤ ያውም ክብ ስላልሆነች ኳስ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1960 ዓ.ም. ነው። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ቦንጋ ያን ጊዜ ዝናብ የማይለያት ትንሽ ከተማ ነበረች። ሜዳ ብለን የምንጫወትበት ቦታ ተዳፋት ስለሆነ ኳሷ ካመለጠች ቁልቁል ወርዳ እንሰት ውስጥ ትገባለች። ኳስ ስል የጨርቅ ኳስ ማለቴ ነው፤ ያረጀ ካልሲና ቡትቶ ተጠቅልሎ በቃጫ የተተበተበ። ቃጫ በእኛ አገር ችግር የለም፣ እንሰቱ ይሰጣል። ችግሩ ዝናቡ ነበር። የጨርቅ ኳስ ውኃ ከጠጣች ድንጋይ ትሆናለች። ያንን ድንጋይ በባዶ እግሩ፣ በአውራ ጣቱ የመታ ልጅ ሁለተኛ አይለምደውም። ስለዚህ ማንም ሳያስተምረን ሁላችንም አንድ ዘዴ ለመድን፤ ከጎን ተንደርድሮ መምጣት፣ ቁርጭምጭሚትን ማጥበቅና በእግር ጀርባ፣ የጫማ ክር በሚታሰርበት ቦታ ላይ መምታት። ጫማ ቢኖር ኖሮ ማለቴ ነው።

በዚያ ዓመት አንድ የፒስ ኮር መምህር ተመደበልን። የፒስ ኮር ወጣቶች እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በየአውራጃው እየተበተኑ ያስተምሩ እንደነበር የዕድሜ እኩዮቼ ያስታውሳሉ። የእኛው ረዥም፣ ፊቱ ፀሐይ ሲነካው የሚቀላ፣ ቆጮ ሲጎርስ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሻንጣው ውስጥ አንዲት ሞላላ የቆዳ ኳስ ይዞ ብቅ አለ። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና አስተከለን፣ በመካከላቸው ከአንድ ሰው ቁመት እጅግ ከፍ አድርጎ ገመድ ወጠረ። ኳሷ ከገመዱ በላይ፣ በሁለቱ አጣናዎች መካከል ማለፍ አለባት አለን። እንደ እንቁላል ናትና ብቻዋን አትቆምም። ስለዚህ እኔን አንበረከከኝና በሌባ ጣቴ ጫፏን ተጭኜ እንዳቆማት አዘዘኝ።

መጀመሪያ ራሱ መታ። ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መጣ፣ በከባድ ጫማው አፍንጫ ነረታት፣ አለፈች። ከዚያ ተራው ወደ እኛ ዞረ። ከክፍላችን አንድ የማር ነጋዴ ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እግሩ ግን የተባረከ። እንደ ልማዱ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቆመ። መምህሩ ጮኸ፤ "ፊት ለፊት! ፊት ለፊት!" ልጁ ታዘዘና በባዶ አውራ ጣቱ መታት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በአንድ እግሩ ሲዘል ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ሕመሙ ሲበርድለት ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ጎኑ ተመለሰ፣ ሦስት እርምጃ ተንደረደረ፣ መታ። ኳሷ ገመዱን በእጥፍ ከፍታ አልፋ ከማዶ ካለው ቆርቆሮ ጣራ ላይ ስታርፍ ሰማናት።

መምህሩ ዝም አለ። ቆይቶ፣ በእሱ አገር እንዲህ ከጎን የሚመታ አንድ ሰው አለ፣ የሀንጋሪ ስደተኛ ነው፣ ለዚህ ሥራው ደሞዝ ይከፈለዋል አለን። "ለየትኛው ሥራው?" አልነው። ለመምታቱ። "ሌላውን ጊዜስ?" ቁጭ ይላል። ይህን ሰምተን አንድ ሳምንት ሳቅን። የማር ነጋዴውን ልጅም "ተቀምጦ በላ" የሚል ስም አወጣንለት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ይኸው ተቀምጦ በላ ኳሷን ስቶ የእኔን ጣት መታ። ወጌሻ አሰረልኝ፤ ዛሬም ይህን ስጽፍ የሌባ ጣቴ ጫፍ ወደ ግራ ያያል። መምህሩ ሁለት ዓመቱን ጨርሶ ሲሄድ ኳሷን ትቶልን ሄደ። ስትፈነዳም ቆዳዋን አንድ ጎልማሳ ለጩቤ አፎት ቆረጠው።

* * *

ያ የሀንጋሪ ስደተኛ ፒት ጎጎላክ እንደሚባል ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቡዳፔስት ተወልዶ ያደገ፣ በ1956ቱ የሀንጋሪ አመፅ ማግሥት ከቤተሰቡ ጋር ድንበር ያቋረጠ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ኦግደንስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ሰፈረ። እሱ የሚያውቀው እግር ኳስ በትምህርት ቤቱ አልነበረምና የአገሬውን ጨዋታ ተቀላቀለ።

የአሜሪካኖችን ፉትቦል ላላየ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ስሙ የእግር ኳስ ይሁን እንጂ ሥራው የእጅና የትከሻ ነው። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው ይላተማሉ፤ ኳሷን ተሸክሞ ወይም ቀልቦ የሜዳው ጫፍ የደረሰ ስድስት ነጥብ ያገኛል። ጫፍ መድረስ ሲያቅታቸው ግን አንድ ሌላ መንገድ አለ። ከመካከላቸው አንዱ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ይወረውራል፣ ሁለተኛው ተንበርክኮ ተቀብሎ መሬት ላይ ያቆማታል፣ ሦስተኛው ይመታታል። ከመሬት ሦስት ሜትር ከፍ ካለው አግዳሚ በላይ፣ አምስት ሜትር ተኩል ያህል በተራራቁት ሁለት ምሰሶዎች መካከል ካለፈች ሦስት ነጥብ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰኮንድ ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ መቺው ወጥቶ ቁጭ ይላል። መምህራችን አልዋሸም ነበር።

ቀድሞ ግን እንዲህ ያለ ቋሚ ሥራ አልነበረም። የሚመታው ከተጫዋቾቹ አንዱ ነው። ከሁሉ የተመሰገነው የክሊቭላንድ ብራውንሱ ሉ ግሮዛ ግዙፍ ተፋላሚ ነበር፤ ቅጽል ስሙም "አውራ ጣት" ነው። ሁሉም ፊት ለፊት መጥተው በጫማ አፍንጫ ይመቱ ነበርና ስሙ ተገቢ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ልዩነቱ የመጣው ከጫማው ነው። አፍንጫው የደነደነ ጫማ ያለው ሰው በጣቱ ለመምታት አይፈራም። የዚህ ስልት ጫፍ የታየው እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1970 ነው። የኒው ኦርሊንሱ ቶም ዴምፕሲ ሲወለድ ጀምሮ የቀኝ እግሩ ጣቶች የሉትም፤ ፊቱ እንደ መዶሻ ጠፍጣፋ የሆነ ልዩ ጫማ ተሠርቶለት በመጨረሻዋ ቅጽበት ከ63 ያርድ፣ ማለትም ከ57 ሜትር በላይ ርቀት መትቶ ቡድኑን 19 ለ17 አሸናፊ አደረገ። ከዚያ ርቀት የሚበልጥ እስከ 2013 ድረስ አልተገኘም። ሕጉ ግን በ1977 ተቀይሮ የመቺ ጫማ ሁሉ የተለመደውን ጫማ ቅርጽ እንዲይዝ ተደረገ። አገሩ የሕግ አገር ነው፤ ለጫማ አፍንጫ እንኳ አንቀጽ አያጣም።

ጎጎላክ ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ከዚያ በ1964 በፋሎ ቢልስ በተባለው ቡድን ሲቀጠር ከጎን የሚመታ የመጀመሪያው ባለሙያ ሆነ። ቡድኑ በዚያ ዓመትና በተከታዩ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ያን ጊዜ ሁለት ተፎካካሪ ሊጎች ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ታዋቂ ተጫዋች ላለመንካት ሳይጻፍ የተስማሙ ይመስሉ ነበር። በ1966 የፀደይ ወራት ኒውዮርክ ጃየንትስ ጎጎላክን ከበፋሎ ላይ ወሰደው። በዚህ የተቆጣው ሊግ የሌላውን ተጫዋቾች መሻማት ጀመረ፤ ገንዘቡ እሳት ሆነ፤ በሰኔ ወር ሁለቱ ሊጎች ለመዋሐድ ተስማሙ። ዛሬ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያንቀሳቅሰውን ሊግ ወደ አንድነት ከገፉት ምክንያቶች አንዱ እንግዲህ የአንድ ስደተኛ ልጅ እግር ጀርባ ነው። ታናሽ ወንድሙ ቻርሊም በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ገባ። በኅዳር ወር ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ ወንድማማቾቹ ከሁለት ወገን መቱ፤ ዋሽንግተን 72 ለ41 አሸነፈ።

ከዚህ በኋላ በሩ ተከፈተ። ቡድኖቹ እግር ኳስ የሚያውቅ እግር ፍለጋ ወጡ። ቆጵሮስ፣ ላርናካ የተወለደው አርመናዊ ጋሮ የፕረሚያን በለንደን በኩል አድርጎ ወንድሙ ወደሚማርበት አሜሪካ መጣ። ጨዋታውን በቅጡ ሳያውቅ ዲትሮይት ላየንስ ቀጠረው። ኅዳር 13 ቀን 1966 በሚኒሶታ ቫይኪንግስ ላይ ስድስት ጊዜ አስቆጠረ፤ ያን ጊዜ በዚያ ሊግ በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ያስቆጠረ አልነበረም። የሚኒሶታው አሠልጣኝ ኖርም ቫን ብሮክሊን እንዲህ ያሉትን እግሮች ለማስቆም የኢሚግሬሽን ሕጉ ይጥበቅ አለ ይባላል። ኖርዌጂያዊው ያን ስቴነሩድ ደግሞ ሞንታና የመጣው በበረዶ ሸርተቴ ዝላይ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ነው። መቺነቱን ያገኘው እንደ ጨዋታ ነው።

የእነዚህ የሁለቱ ዕጣ በ1971 የገና ዕለት፣ ካንሳስ ሲቲ ላይ ተገናኘ። ስቴነሩድ ለባለሜዳው ለካንሳስ፣ የፕረሚያን ለማያሚ። 24 እኩል ናቸው፤ መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ ሲል ስቴነሩድ ከቅርብ፣ ተኝቶም አገባዋለሁ ከሚለው ርቀት መትቶ ሳተ። በተጨማሪው ሰዓት ዳግም ሞከረ፤ ተጋጣሚ ዘሎ በእጁ መለሰበት። የፕረሚያንም አንዱን ስቷል። ሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ገባ። ጨዋታው በተጀመረ በ82 ደቂቃ ከ40 ሰኮንድ የፕረሚያን ከ37 ያርድ መታ፤ አለቀ። በዚያ ሊግ ከዚያ የረዘመ ጨዋታ የለም። አንዱ ባይተዋር በትከሻ ላይ ሆኖ ወጣ፣ ሌላው ባይተዋር አንገቱን ደፍቶ። ስቴነሩድ ከዚያ በኋላ 14 ዓመት መትቶ በ1991 በክብር አዳራሹ ስሙ ሲሰፍር በመምታት ብቻ እዚያ የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የፕረሚያንን ደግሞ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚያነሣለት አንድ ጉድ አለ። በጥር 1973ቱ ሱፐር ቦውል ምቱ ተመልሶ እጁ ገባ። የሚያደርገው ጠፋውና እንደ ሌሎቹ ሊወረውራት ሞከረ፤ ኳሷ እንደ ሳሙና አፈትልካ ወደ ላይ ዘለለች፣ ተጋጣሚ ቀለባትና ሮጦ አስቆጠረ። ማያሚ 14 ለ7 ማሸነፉ አዳነው እንጂ፣ ያለ አንድ ሽንፈት 17 ጨዋታ ያሸነፈውን ቡድን ታሪክ ሊያበላሽ ነበር። ሰውየውን በእግሩ ቀጥረውት ሳለ በእጁ ፈረዱበት።

* * *

በ1977 ዓ.ም. ገደማ እኔም ለትምህርት ፍሎሪዳ ደረስኩ። የምኖረው ከሁለት ናይጄሪያውያን ተማሪዎች ጋር ነበር። እሑድ እሑድ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ከበው ያቺን ሞላላ ኳስ ሲያዩ እገረም ነበር፤ ሕጉን በቅጡ አያውቁም። አንድ ቀን አብሬ ቁጭ አልኩ። የታምፓ ቤይ ቡድን ምት አገኘና አንድ ጥቁር ሰው በእነዚያ ግንበኛ በሚያካክሉ ሰዎች መካከል ገባ። ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቆመ። ልቤ ቀጥ አለ። አቋቋሙ የማር ነጋዴው ልጅ ነበር።

ኦቤድ አሪሪ ይባላል። ናይጄሪያዊ ነው። ሳውዝ ካሮላይና ወዳለው ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የሄደው እግር ኳስ ሊጫወት ነው፤ የዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ኢብራሂም ኢብራሂም ከናይጄሪያ ተጫዋቾችን ይመለምል ነበር። አሪሪ በሁለቱም ኳስ ተጫወተ፤ በሞላላዋ ሲመረቅ በኮሌጅ ጨዋታ ታሪክ ብዙ ፊልድ ጎል ያስቆጠረ ሰው ነበር። ቢሆንም ቋሚ ሥራ ለማግኘት ዓመታት ፈጀበት። በ1984 ታምፓ ላይ ተሳካለትና በአንድ የውድድር ዘመን 19 አስቆጠረ። ጓደኞቼ ያን ሰሞን እንደ ዘመድ ያወሩለት ነበር።

በተከታዩ ዓመት ቡድኑ ከኮሌጅ ከሚመረቁት መካከል አንድ ሌላ መቺ መረጠ። ከየት? ከክሌምሰን። የየት አገር ሰው? ናይጄሪያዊ። ዶናልድ ኢግዌቡኬ ክሌምሰን የገባው የአሪሪን ዱካ ተከትሎ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የ1981ን የአገሪቱን ሻምፒዮንነት ሲወስድ በመጨረሻው ጨዋታ ሦስት ጊዜ አስቆጥሯል። ሁለቱ በበጋው ልምምድ ጎን ለጎን መቱ። ሥራው ግን አንድ ነው፤ መቺ ሁለት አይቀጠርም። ኢግዌቡኬ ቀረ፣ አሪሪ ተሰናበተ።

ያን ዕለት ቤታችን ውስጥ የተነሣው ክርክር አይረሳኝም። አንደኛው ጓደኛዬ "ወንድሙን አስወጣው" ብሎ ምግብ አልበላም አለ። ሌላው "ታዲያ እሱ ባያስወጣው አንድ ነጭ ያስወጣው የለም ወይ? ቢያንስ ቤቱ ውስጥ ቀረ" ይላል። እኔን ዳኛ አደረጉኝ። የካፋ ሰው በሁለት ወንድማማቾች መካከል ገብቶ አይፈርድም ብዬ አመለጥኩ። ለነገሩ ዛሬም ፍርዱ የለኝም። አንድ የገባኝ ነገር ግን አለ። ቦንጋ ላይ የማር ነጋዴው ልጅ ብርቅ ይመስለኝ ነበር። እንደሱ ያለ እግር በአፍሪካ መንደር ሁሉ ሞልቷል፤ ብርቁ ወንበሩ ነው። አንድ ቡድን፣ አንድ ወንበር።

አሪሪ በ1987 ተጫዋቾቹ አድማ መትተው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ለዋሽንግተን ለአጭር ቀናት ተጠርቶ መታ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ሊግ የለም። ኢግዌቡኬ ታምፓ ላይ አምስት ዓመት ቆይቶ በ1990 ወደ ሚኒሶታ ተዛወረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሄሮይን ዝውውር ጋር በተያያዘ ተከሰሰ። በ1991 ነፃ ተብሎ ተለቀቀ። ነፃ መባሉ ግን ወንበሩን አልመለሰለትም፤ በዚያ ሊግ ዳግመኛ አልተጫወተም። የሦስት ዓመት ክፍተት ካለፈ በኋላ በካናዳው ሊግ ለባልቲሞር ሲመታ ታየ። ቡድኑ በ1994 ለዋንጫ ደርሶ በመጨረሻዋ ቅጽበት 26 ለ23 ተሸነፈ። በምን? በተጋጣሚው መቺ በሉዊ ፓሳሊያ እግር።

ይህ ሥራ ይቅርታ የለውም የሚሉ ሰዎች የስኮት ኖርውድን ስም ይጠራሉ። ጥር 27 ቀን 1991፣ እነ አሪሪ በመቱበት በዚያው በታምፓ ስታዲየም፣ ሱፐር ቦውል ላይ የገጠሙት በፋሎና ኒውዮርክ ጃየንትስ ነበሩ፤ ሁለቱም የጎጎላክ የቀድሞ ቤቶች። ኒውዮርክ 20 ለ19 ይመራል፣ ስምንት ሰኮንድ ቀርቷል። ኖርውድ ከ47 ያርድ መታ፤ ርዝመቷ በቂ ነበር፣ ግን በቀኝ በኩል ወጣች። በማግሥቱ የበፋሎ ሕዝብ ቡድኑን ሊቀበል አደባባይ ወጥቶ የኖርውድን ስም እየጠራ አስወጣውና አጨበጨበለት። ሰውየው ዕንባ ተናነቀው። በፋሎ ብርዳም ከተማ ናት ይላሉ፤ እኔ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ሞቅ ያለች ትመስለኛለች። ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ጋሪ አንደርሰንም አለ። በ1998 የውድድር ዘመን 35 ሞክሮ 35ቱንም አስገባ፤ አንድም አልሳተም። በጥር ወር ለሱፐር ቦውል የሚያደርሰውን ጨዋታ ሊዘጋ መታ፣ በግራ ወጣች፣ ሚኒሶታ ተሸነፈ። 35ቱን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

እኛም ብንሆን ይህን ስሜት አናውቀውም ማለት አንችልም። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከዚምባብዌ ጋር አንድ እኩል አልቆ በፍጹም ቅጣት ምት ሲለይ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ላይ ተደፍቶ ነበር። 5 ለ4 አሸነፍን። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ሳላዲን ሰይድ መታ፣ በረኛው ምዊኔ መለሰ። እኔ የነበርኩበት አዲስ አበባ ያለ ቡና ቤት ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ለብቻቸው "አይዞህ ልጄ" አሉ፣ ለቴሌቪዥኑ። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አግብቶ አንድ እኩል ወጣን። ልዩነቱ፣ ሳላዲን ከዚያች ምት በኋላም ሜዳው ላይ ነበር፤ ይሮጣል፣ ይቀበላል፣ ያቀብላል። ያኛው መቺ ግን ቁጭ ይላል። ስቶ ቁጭ ማለትን ነው እኔ የምፈራለት።

* * *

ካቻምና ቦንጋ ሄጄ ነበር። ከተማዋ ተለውጣለች፤ የቡና ሙዚየም አላት፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም የአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ክልል መቀመጫ ናት። ዝናቡ ግን ያው ነው። የማር ነጋዴውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ከአባቱ ንግድ ገብቶ፣ ከዚያ የቡና መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ ጀበናውን ጥደው "ጋሼ፣ እንግዲህ የድሮ ወሬያችሁን ተጫወቱ" ብለው ትተውን ገቡ።

ስለ ጎጎላክ ነገርኩት፣ ስለ ሁለቱ ናይጄሪያውያን። ዝም ብሎ ሰማኝ። እንደ ድሮው ነው፣ ንግግር አያበዛም። ከዚያ፦

"በጫማ ነው የሚመቱት?" አለኝ።

በዚህ ጥያቄ ደስ አለኝ፤ መልሱን ለዓመታት ይዤለት ነበር። በ1980ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በዚያ ሁሉ የጫማ ፋብሪካ አገር፣ የሚመቱበትን እግር ጫማ አውልቀው በባዶው የሚመቱ ባለሙያዎች ተነሥተው ነበር። ቶኒ ፍራንክሊን ፊላደልፊያ ላይ፣ ሪች ካርሊስ ዴንቨር ላይ። ካርሊስ በጥር 1987፣ በክሊቭላንድ ብርድ፣ ተጨማሪ ሰዓት ላይ በባዶ እግሩ መትቶ ቡድኑን 23 ለ20 አሸናፊ አድርጎ ለሱፐር ቦውል አበቃው። ኳሷ አጥንት ላይ ስታርፍ በደንብ ትሰማለች ባዮች ናቸው።

"አበበ ቢቂላን አይተው ይሆናል" አለ።

"ምናልባት።"

"እንጃ። እኛ ጫማ አጥተን ነበር።" ስኒውን አስቀመጠ። "ከሳቱስ ምን ያደርጓቸዋል?"

"አንዳንዱን ያባርሩታል። አንዳንዱን ያጨበጭቡለታል።"

ትንሽ አሰበና እጁን ዘረጋልኝ። የምሰናበተው መስሎት ነው ብዬ እጄን ሰጠሁት። ቀኝ እጄን ገልብጦ ጣቶቼን አንድ በአንድ ካየ በኋላ ሌባ ጣቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጫፉን በአውራ ጣቱ ወደ ቀኝ ገፋ አደረገው፤ ተመልሶ ወደ ግራ ሄደ።

"ያ ወጌሻ ሰካራም ነበር" አለ።

የልጅ ልጁ በግቢው ውስጥ ክብ የላስቲክ ኳስ ያንከባልላል። ሽማግሌው ተነሣ። ጉልበቱ እንደታመመ ሚስቱ ነግረውኛል፤ ዱላውን በበሩ ላይ አስደግፎ ወጣ። ልጁን ኳሷን እንዲያቆምለት አዘዘው፤ ክብ ናትና ማቆም አያስፈልጋትም፣ ልጁ ግን አያቱን ታዞ ተንበረከከና ጣቱን ጫፏ ላይ አደረገ።

"ጣትህን አንሣ" አለው አያቱ።

ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፣ ሁለት እርምጃ ብቻ ተራመደ፣ መታ። ኳሷ አጥሩን ዘልላ ቁልቁል ወርዳ እንሰቱ ውስጥ ገባች፤ ልጁም ሊያመጣት ሮጠ።